የምሩቃን ቤት፤ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ከገነተ ልዑል እስከ ቂሊንጦ

፩. የነገሩ መነሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተወርዶ፣ የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ታልፈው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ የሚገኘው ቂሊንጦ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻ መሬትነት ወደ ከተማ ዳርቻነት የተለወጠ አገር ነው። ስሙም በዛሬው ሰው አፍ የሚነሣው በማረሚያ ቤቱ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች በተከለለው የኢንዱስትሪ ፓርኩና በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምክንያት ነው። ከሦስቱ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጨረሻውን ነው፤ ሆኖም የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ ከእርሱ አስቀድሞ የነበረ የረጅም ዘመን ልምድ ወራሽ ስለ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በአገራችን ለምን እንደ ተፈለገ፣ በምን ደረጃዎች እንዳደገ፣ በምን ሥርዓት እንደሚተዳደርና ከየትምህርት ዘርፉ እነማንን እንዳፈራ ከጥንቱ ጀምሮ መመርመር ያስፈልጋል።

የብሪታንያ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ራሳቸው በሚናገሩበት ጊዜ ምሩቃናቸውን በየትምህርቱ ዘርፍ ለይተው መዘርዘርን ልማድ አድርገዋል። ዛሬ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ለምሳሌ አንድ የጥጥ ነጋዴ በተናዘዘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1851 በፋብሪካዎች ከተማ መካከል ከተከፈተ ኮሌጅ የመነጨ ሲሆን፣ በኋላ ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን ገና በልጅነቱ መሐንዲስ ሊሆን ገብቶበት፣ ከምሕንድስናው ጎን ሒሳብና ፊዚክስ በብርቱ መምህራን ይሰጡ ስለ ነበር ዝንባሌው ወደዚያ ተመለሰ። እንግዲህ የምሩቃን ስም ዝርዝር በማስተዋል ሲነበብ ስለ ሰዎቹ ክብር ብቻ ሳይሆን ስለ ወጡበትም ቤት አደረጃጀት ይመሰክራል፤ እኛም የኢትዮጵያን ዩኒቨርሲቲ የምንመለከተው በዚሁ ዓይን ነው።

፪. ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረው ጉባኤ ቤት

ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም ከመምጣቱ በፊት ኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። ከንባብ ቤት የተነሣ ተማሪ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት እያለፈ፣ ከአገር አገር እየተዘዋወረ፣ በቁራሽ እየተዳደረ፣ ብዙ ጊዜም ከሃያ ዓመት ያላነሰ ዕድሜውን ሰጥቶ የሚፈጽመው የትምህርት ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል። ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ትምህርት ከአንድ ደብር ጋር አዋሕዶ ነበር፤ ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚፈልግ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚፈልግ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ትምህርቱን የፈጸመው ደቀ መዝሙር በምስክር ቤቱ ሲያስመሰክር የሚያገኘው ሥልጣን ወንበር ዘርግቶ የማስተማር መብት ነበረ፤ የመምህሩም ክብር የሚለካው እርሱ ካወጣቸው መካከል ስንቱ መምህር እንደ ሆነ በመቍጠር ነበረ።

ሆኖም የጉባኤ ቤቱ ዓላማ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ሊቅ ማፍራት ስለ ነበረ፣ በአድዋ ድል ማግሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር የተስፋፋው ግንኙነት የጠየቀውን አስተርጓሚ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪምና የሕግ ዐዋቂ ሊሰጥ አልቻለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በዘመነ ምኒልክ ማብቂያ፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. የተከፈቱት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር፤ ከእነርሱ የወጡትም ብርቱዎቹ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ይላኩ ነበር። እነዚህ ተምረው የተመለሱት ጥቂት ወጣቶች ቍጥራቸው ገና ሳይበረክት የኢጣልያ ወረራ ደረሰባቸው፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ግፍ ጠላት በተለይ የተማረውን ወጣት እየፈለገ ስለ ፈጀ፣ መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ወደ መንበሩ ሲመለስ አገሪቱ የተማረ ሰው በእጅጉ የጎደለባት ሆና አገኛት።

፫. የምሥረታው አስፈላጊነትና የመጀመሪያው ኮሌጅ

ከነጻነት በኋላ የተቋቋሙት ሚኒስቴሮች፣ ባንኮች፣ ፍርድ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው ይሹ ነበርና፣ ተማሪን ሁሉ ወደ ውጭ እየላኩ ማስተማር ወጪው ብዙ፣ ጊዜውም ረጅም፣ የተመላሹም ቍጥር ጥቂት ሆነ። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት ቤት በአገር ውስጥ ማቋቋም ግድ ሆኖ፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያስተዳድሩ ከነበሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን አንዱ ዶክተር ሉሲያን ማት ሥራውን እንዲመሩ ታዘዙ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ትምህርቱን ጀመረ።

በዚህ ዘመን በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ የሚከፈቱ ኮሌጆች በምን መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር ማነጻጸሩ ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 የተቋቋመው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከለንደን ውጭ ያሉ ተማሪዎችን እየፈተነ ዲግሪ የመስጠት ልማድ ስለ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተከፈቱት የኢባዳንና የጎልድ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች የሚያስተምሩት ለለንደን ፈተና ሲሆን፣ ምሩቃናቸውም የለንደን ምሩቃን ተብለው ይቈጠሩ ነበር። የአዲስ አበባው ኮሌጅ ግን የነጻ መንግሥት ኮሌጅ ስለ ነበረ በማንም ሞግዚትነት አልተቀመጠም፤ በ1946 ዓ.ም. በተሰጠው ቻርተር መሠረት ዲግሪውን በራሱ ሥልጣን የመስጠት መብት አገኘ። ይህ መብት ከክብሩ ጋር ብርቱ ሸክም ነበረው፤ ለዲግሪው ዋስ የሚሆን የውጭ ስም ስላልነበረ፣ የዲግሪው ዋጋ በዓለም ፊት ሊታወቅ የሚችለው ምሩቃኑ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ከሌላው እኩል ሆነው ሲገኙ ብቻ ነበርና።

፬. የተበተኑት ኮሌጆችና በአንድ ቻርተር መሰብሰባቸው

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በሥነ ጽሑፍና በሳይንስ ላይ ሲያተኵር፣ በ1940ዎቹ ውስጥ እያንዳንዱ የመንግሥት ጉዳይ የየራሱን ኮሌጅ ወለደ። የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የሕንፃ ኮሌጅም በስዊድን መንግሥት እርዳታ ተቋቋመ። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በመፍጀቱ፣ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠበቅ በየገጠሩ የሚሰማሩ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ጓድ አሰባስቦ የሚያሠለጥን የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ቆመ።

የሐረርጌው ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ መነጽር ይሆነናል። ይህ ኮሌጅ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ፣ በኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ መምህራን አማካይነት ሲደራጅ፣ አርአያ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ በወጣው ሕግ የተቋቋሙትን የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች ነበር። የእነርሱ ሥርዓት ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ምክር ማድረስን በአንድ ቤት የሚያዋሕድ ነበርና፣ የዓለማያ ተማሪ በክፍል የሰማውን በኮሌጁ ማሳ እየዘራ፣ ከማሳው ያየውንም ወደ ክፍል ይዞ እየተመለሰ ይማር ነበር። ከዋና ከተማው መራቁም ሥራው በተፈጥሮው የሚጠይቀው ነገር ነበር፤ የሚጠናው ነገር ያለው በዚያው በሐረርጌ መሬት ላይ ነበርና።

በየሚኒስቴሩ ሥር የተበተኑት እነዚህ ኮሌጆች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ሥርዓተ ትምህርት እየቀረጹ፣ ለየብቻቸው መምህር ከውጭ እየቀጠሩ መኖራቸው አባካኝ ስለ ሆነ፣ የካቲት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን፣ የምሕንድስናውን፣ የሕንፃውን፣ የዓለማያን፣ የጎንደርንና የቅድስት ሥላሴን መንፈሳዊ ኮሌጅ ያጠቃለለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ንጉሠ ነገሥቱም የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ስለ ሰጡ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በይፋ ተመርቆ ተከፈተ።

አደረጃጀቱም እንደሚከተለው ነበር። የበላይ ጠባቂ የሆነ ቦርድ፣ ከእርሱ በታች ፕሬዚዳንት፣ በትምህርት ጉዳይ የሚወስን የመምህራን ጉባኤ፣ በየፋኩልቲው ዲንና የትምህርት ክፍል ኀላፊ ተሾመ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952 ዓ.ም. ታትመው ሳለ የሚተረጕማቸው ዳኛና ጠበቃ ጥቂት ስለ ነበረ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በዚሁ ሰሞን መጻሕፍትና ቅርስ መሰብሰብ ጀመረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ በተለይም በመምህርነት፣ እንዲያገለግል የሚያዝዘው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተደነገገ፤ ይህም ለከተማ ልጅ የአገሩን ገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳይ ትምህርት ሆነ።

፭. ምሩቃኑ በየትምህርቱ ዘርፍ

ይህ ቤት ያወጣቸውን ሁሉ መዘርዘር የማይቻል ቢሆንም፣ ከየዘርፉ ጥቂቱን አንሥቶ በእያንዳንዱ በስተጀርባ የነበረውን የተቋም አሠራር ማሳየት ይቻላል።

በእርሻ ሳይንስ፣ በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ የተመረቁት ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አስፋፍተው፣ በመጀመሪያ ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ፤ ቀጥሎም በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን እየመጠጠ የአፍሪካን ገበሬ ባዶ እጁን የሚያስቀረውን የአቀንጭራ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ስላወጡ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የሥራቸው ጉዳይ የሐረርጌ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው እህል መሆኑ የዓለማያን አደረጃጀት ትክክለኛነት ይመሰክራል።

በዕፅዋት ጥናት፣ ከዩኒቨርሲቲው ተመርቀው በብሪታንያ ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኙት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ተመልሰው የሳይንስ ፋኩልቲውን በዲንነት መሩ፤ በዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት ድርድርም የታዳጊ አገሮችን ገበሬ መብት ስለ ተከራከሩ እ.ኤ.አ. በ2000 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እስከ 2009 የተሠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ደግሞ የአገሪቱን ዕፅዋት በየቤተ ሰቡ ለይቶ የመዘገበ ሥራ ሲሆን፣ መሪነቱን ከእርሳቸው በኋላ የተረከቡት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ሜዳይ ሸልሟቸዋል። ሠላሳ ዓመት ግድም የፈጀ መድበል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሳይቋረጥ የተፈጸመው፣ የደረቀው ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር በፋኩልቲው ውስጥ ቋሚ ሆኖ በመኖሩ ነው።

በታሪክ ጥናት የምናየው ሌላ ዓይነት አሠራር ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ ዲግሪ ላይ ሥልጣን ባይኖረውም፣ በምሥራቃውያንና አፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤቱ በኩል ግን የታሪክ ክፍሉን መምህራን አሠልጥኗል። ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይና ባሕሩ ዘውዴ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአዲስ አበባ አግኝተው፣ ዶክትሬታቸውን ከለንደን ይዘው ተመልሰው፣ በዚያው በተማሩበት ክፍል ወንበር ዘረጉ። ታደሰ ከ1270 እስከ 1527 እ.ኤ.አ. የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት የመረመሩበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ሲታተም፣ የባሕሩ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ እስካሁን የተማሪ ሁሉ መነሻ ሆኖ አለ። በእነዚህ ሊቃውንት የጥንቱ የጉባኤ ቤት ልማድ፣ ማለትም ምሩቁ ተመልሶ መምህር መሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥር ሰደደ።

በሕክምናም ከውጭ የተመለሰ ሐኪም መምህር መሆኑ ታይቷል። ከኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው የተመለሱት ቀዶ ሐኪሙ ዐሥራት ወልደየስ በሕክምና ፋኩልቲው ምሥረታና አመራር ስለ ተሳተፉ፣ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በኢትዮጵያ እንዲመረቅ የሚያስችለው መሠረት ተጣለ። በሥነ ምድር ከአዲስ አበባ የተመረቁት ዘርዐ ሰናይ ዓለም ሰገድ በብሔራዊ ሙዚየም ሲሠሩ ቆይተው፣ በፈረንሳይ ዶክትሬታቸውን ፈጽመው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዲኪካ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችውን ሕፃን፣ ሰላም የተባለችውን ቅሪት፣ አገኙ። ፊዚክስ ያጠኑት ሙሉጌታ በቀለ ታስረው በነበሩበት ዘመን እንኳ ለእስረኞች ፊዚክስን ያስተምሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ወንበር ተመልሰው፣ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በሳኻሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ካካፈላቸው አንዱ ሆኑ።

በሕግ፣ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ተብለው ተሾሙ። በሥነ ጽሑፍ፣ ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ተማሪም መምህርም ሆነው በዚያው ግቢ የግጥምን ጥናት አስፋፍተዋል። በሲቪል ምሕንድስና የተመረቁት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ከመድረሳቸው በፊት የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዲን ነበሩ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት የአደረጃጀት ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ዘርፉ ሥራውን የሚሠራበት ቋሚ ስፍራ፣ ማሳም ሆነ ማኅደር ወይም ሙዚየም፣ ያለው እንደ ሆነ ምሩቁ ከመጽሐፍ አልፎ ከነገሩ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው፣ በውጭ ተምሮ የወጣው ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር ተዘጋጅቶ ሲቈየው ትምህርቱ ይባዛል። ሦስተኛው፣ ከላይ በተነሣው በቶምሰን ታሪክ እንደ ታየው፣ አንዱ ትምህርት ከሌላው ጋር በአንድ ግቢ ሲቀመጥ፣ በአንድ በር የገባ ተማሪ በሌላ በር የመውጣት ዕድል ያገኛል።

፮. የመታጠፊያ ዓመታት

ዩኒቨርሲቲው ግን የዕውቀት ማደሪያ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ መሬት ለአራሹ እያሉ ሰልፍ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ግቢው የፖለቲካ ክርክር ዋና ሜዳ ሆነ፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላም በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር ስላሰማራ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። ስሙም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተለወጠ። ቀጥሎ በመጣው የደም ዘመን የብዙ ተማሪና መምህር ሕይወት አለፈ፤ የተረፈውም ብዙው ተሰደደ፤ ስለዚህ ከላይ ከተጠቀሱት ሕጎች ሁለተኛው፣ ማለትም የተመላሽ መምህር ሥርዓት፣ ክፉኛ ተጎዳ።

ለዚህ ጉዳት ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1971 ዓ.ም. መከፈቱ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ የማስተርስ ዲግሪ፣ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላም የዶክትሬት ዲግሪ በአገር ውስጥ መሰጠት ስለ ጀመረ፣ የራሱን መምህር ራሱ የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። ዓለማያም በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣው ለውጥ የስፋት ነው። በጅማ፣ በመቐለ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በአርባ ምንጭ የነበሩት ኮሌጆችና ተቋማት ወደ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ ካሉ በኋላ፣ በየክልሉ አዳዲሶች እየተከተሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ደረሰ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪው ከወጪው የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል የሚያስገድደው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተጀመረ። ስፋቱ ለሩቁ ገጠር ልጅ በር የከፈተ ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ መምህሩና ቤተ ሙከራው ከተማሪው ቍጥር እኩል ሊያድጉ ስላልቻሉ የጥራት ጥያቄ አብሮት መጣ።

፯. ቂሊንጦ

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በዚህ በስፋትና በጥራት መካከል ባለው ጭንቅ ውስጥ ነው። መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ትምህርቶች እንዲመደቡ በወሰነበት፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚደርሰውን የእድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድም በጀመረበት ወቅት፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ደግሞ 2,000 ያህል የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአንድ ተራ እንዲቈጠር የታሰበው፣ ሁሉን ትምህርት ከሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች ተለይቶ ለኢንዱስትሪ ልማት የሚሆን ባለሙያ እንዲያወጣ ነበር። ስለዚህም በ2007 ዓ.ም. ተጠሪነቱ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ፤ የሚኒስቴሮቹ አደረጃጀት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተለዋወጠ በኋላ ግን ከፍተኛ ትምህርት በጠቅላላ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል።

የስፍራውም ምርጫ ትርጕም አለው። አቃቂ የባቡር ጣቢያና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠፈር ሆኖ የኖረ፣ የከተማይቱም ከባድ ኢንዱስትሪ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የተከማቸበት አገር ነው፤ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ለመድኃኒት ሥራ የተለየ ሲሆን፣ በአጠገቡ ያለው የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ራሱን የቻለ ሰፊ የግንባታ ትምህርት ነው። ዓለማያ የቆመው ጥናቱ በሚገኝበት በማሽላ ማሳ መካከል እንደ ነበረ፣ ቂሊንጦም የኬሚካል፣ የመካኒክ፣ የኤሌክትሪክና የግንባታ ምሕንድስና በሥራ ላይ በሚታዩበት ወረዳ ውስጥ ቆሟል፤ ጎረቤትነቱ ግን በራሱ ትምህርት አይሆንም፤ ሥርዓት ይጠይቃል።

፰. አሠራሩና የዛሬ ሥራው

በሕጉ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በሥራ አመራር ቦርድ የሚመራ ሲሆን፣ የዕለት ሥራውን ፕሬዚዳንቱና ምክትሎቹ ያከናውናሉ፤ የትምህርትን ፕሮግራም የሚያጸድቅና ዲግሪ የሚገባውን የሚወስን ሴኔቱ ነው። በቂሊንጦም ትምህርቱ በኮሌጆች ተከፍሎ፣ ኤሌክትሪክና መካኒክ ምሕንድስና፣ ኪነ ሕንፃና ሲቪል ምሕንድስና፣ ባዮሎጂካልና ኬሚካል ምሕንድስና ይሰጣሉ፤ የተግባራዊ ሳይንስ ክፍሎችና ማኅበራዊ ሳይንስን የሚያስተምረው ክፍልም አብረዋቸው አሉ። ከእነዚህ ጎን ለጎን በዘላቂ ኃይል፣ በማዕድን ፍለጋና ማውጣት፣ በናኖቴክኖሎጂ፣ በባዮፕሮሰስና ባዮቴክኖሎጂ፣ በግንባታ ጥራት ላይ የሚመራመሩ የልሕቀት ማዕከሎች ተደራጅተዋል።

ተማሪው በዚህ ሥርዓት የሚያልፍበት መንገድ እንዲህ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት ያለፈ አመልካች ለሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጀውን ልዩ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከሁሉም ጋር የጋራ ትምህርት ተምሮ፣ በውጤቱና በምርጫው መጠን ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ይገባል። የምሕንድስና ተማሪ አምስት ዓመት ሲማር፣ በመካከሉ ኢንተርንሽፕ ተብሎ በፋብሪካ ወይም በግንባታ ስፍራ እየሠራ የሚቆይበት ጊዜ አለው፤ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ሥራውን ሠርቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ የተደነገገውን የመውጫ ፈተና ካለፈ በኋላ ገዋን ለብሶ ይመረቃል። የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርትም ስለሚሰጥ፣ ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን መካከል በተማሩበት ግቢ የሚያስተምሩ መምህራን የሚወጡበት መንገድ ተከፍቷል።

፱. የሚዛኑ ጉዳይ

ከላይ በተገለጡት ሦስት ሕጎች የቂሊንጦን ተቋም ብንመዝነው፣ በመጀመሪያው ማለትም የሥራ ስፍራን በማግኘት ረገድ የታደለ ነው፤ የሚቀረው የዓለማያው ማሳ ከክፍሉ ጋር እንደ ተዋሐደ ሁሉ ፋብሪካውም ከትምህርቱ ጋር በቋሚ ውል መዋሐዱ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ተማሪውን ለጥቂት ወራት የመጣ እንግዳ አድርጎ ከቈጠረው ኢንተርንሽፑ ፊርማ ማሟያ ሆኖ ይቀራል፤ በማሽኑ ላይ የደረሰበትን ችግር ለትምህርት ክፍሉ የመመረቂያ ሥራ አድርጎ ከሰጠ ግን ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። በሁለተኛው ሕግ ረገድ ጥያቄው በውጭ የተማረው ወጣት ዶክተር ተመልሶ የሚሠራበት ቤተ ሙከራና የሚኖርበት ደመወዝ ያገኛል ወይ የሚለው ነው፤ የታሪክ ክፍሉ ትውልድ የተሳካለት ወንበሩ ስለ ቈየው ነበርና።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ሦስተኛው ነው። ለአንድ ዓላማ ተለይቶ የቆመ ተቋም በዓላማው ይጠናከራል፤ ነገር ግን መሠረታዊው ሳይንስና ሰብአዊው ትምህርት ለምሕንድስናው አጋዥ ብቻ ሆነው የቀሩ እንደ ሆነ፣ መሐንዲስ ሊሆን የገባው ቶምሰን የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የወጣበት ዓይነት በር ይዘጋል። የማንቸስተርም ኮሌጅ በፋብሪካ ከተማ ተወልዶ ከፋብሪካው የሰፋ ዝና ያገኘው ይህን በር ክፍት ስላቆየ ነው፤ ስለዚህ የተግባራዊ ሳይንሱን ክፍል ማበርታት ለቂሊንጦ የቅንጦት ጉዳይ ሊባል አይገባውም።

በዚህ ላይ የምሩቃን መዝገብ በሥርዓት መያዝ አለበት። የመጀመሪያዎቹ የቂሊንጦ ምሩቃን ዛሬ የሠላሳዎቹን ዕድሜ የጀመሩ ባለሙያዎች ስለ ሆኑ፣ ታላላቅ ስሞችን ከእነርሱ መካከል ገና ከአሁኑ መፈለግ ችኰላ ነው፤ ገቢሳ ኤጄታ ከዓለማያ ከወጡበት ቀን አንሥቶ የዓለምን ሽልማት እስከ ተቀበሉበት ድረስ 36 ዓመት አልፏል። በዚህ ስሌት ከሄድን ቂሊንጦ በመጀመሪያ ምሩቃኑ የሚመዘነው በ2040ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ማን ከየት ወጥቶ ምን እንደ ሠራ በየዘርፉ ለይቶ መናገር የሚቻለው ግን፣ ሬጅስትራሩ ዛሬ የሚመረቀውን ተማሪ ስም በክብር መዝገብ ላይ ካሰፈረ በኋላ ዱካውን ሳይለቅ ሲከታተል፣ የፈተናው ውጤት ብቻ ሳይሆን የሠራው ሥራም በየጊዜው ተጽፎ ሲቀመጥ ነው።